በሹክሹክታ የታየ ኮንሰርት

«ይህቺን ሴትዮ ባገኛት አፏን በመርፌ ነበር የምሰፋላት!» አለ ከፊቷ ወንበር የተቀመጠው ወጣት።

መጋረጃ ሰፊዋ በዚያች ሰዓት ጭኗ ላይ በያዘችው ቦርሳ ውስጥ ከወፍራም እስከ ቀጭን መርፌ በየዓይነቱ ነበራት፤ ስለዚህ ነገሩን እንደ ቀልድ ሰምታ ፈገግ አለች። የጠዋት ታክሲ ነው። ሰው በሰው ላይ ተደራርቦ፣ ግማሹ እንቅልፉን እየጨረሰ፣ ግማሹ ስልኩን እየጎረጎረ ይሄዳል። ሁለቱ ወጣቶች አንዲት ስልክ መሀላቸው ይዘው አንገታቸውን ደፍተውባታል። ከስልኳ ጊታር ይጮኻል፣ ከበሮ ይደለቃል፣ ሕዝቡ ቆርቆሮ ላይ እንደሚወርድ ዝናብ ያጨበጭባል። ከዚያ ሁሉ ጫጫታ ፊት ደግሞ፣ ልክ ሰሚው ጆሮ ሥር የተቀመጠች ይመስል፣ አንዲት ልጅ እግር ሴት በሹክሹክታ ታወራለች። «አሁን ርግብ መጣች... ነጭ ናት... ድምፅ ማጉያው ላይ አረፈች... እሱም ዘፈኑን ትቶ ያያታል...» የመጋረጃ ሰፊዋ ፈገግታ ከንፈሯ ላይ ደርቆ ቀረ። ድምፁ የራሷ ነው። ሠላሳ ዓመት ሊሞላው ምንም ያልቀረው፣ ገና ሳይሰነጠቅ፣ ገና ሳል ሳያውቀው የነበረ የራሷ ድምፅ።

«ያለው ቅጂ ይኼ ብቻ እኮ ነው» አለ ባለ ስልኩ። «ጎርናናው ለሆስፒታሉ በነፃ የዘፈነ ጊዜ አዘጋጆቹ አልቀዱም፣ ሬዲዮ አልቀዳም። አንድ ጀግና ከሕዝቡ መሀል ሆኖ ቀዳው። እሱም ሹክሹኳን አጠገቡ አስቀምጦ!»

«ሚስቱ ትሆናለቻ።»

«ሚስቱ ብትሆንማ ጮክ ብላ ነበር የምታወራው።»

ተሳሳቁ። ከኋላ የነበሩት ተሳፋሪዎችም አብረው ሳቁ። መጋረጃ ሰፊዋ ብቻ ሻርፗን ወደ አፏ ሳብ አደረገች። የሮክ ዘፋኙ የጎርናናው ወዳጆች፣ እነዚያ ስለ ዘፈን ሲከራከሩ ውለው የሚያድሩት ሁሉ፣ ሹክሹኳ የሚል ስም እንዳወጡላት ያን ጠዋት ነው የሰማችው። ሰው በማያውቀው ስም በየቤቱ ሲረገም ኖሮ፣ ታክሲ ውስጥ ድንገት ከስሙ ጋር ሲተዋወቅ ምን ይላል? ባለ ስልኩ ግን ቀጠለ፤ ለካ የሬዲዮ ጣቢያ ድምፅ ባለሙያ ኖሯል። ዛሬ ከሰዓት በኋላ የጎርናናው መታሰቢያ ዝግጅት አለ። እንግዶቹ ሁለት ናቸው። አንደኛው የዚያን ቀን ፎቶ ያነሣ ሽማግሌ ነው፤ ጠፍተው የኖሩ ፎቶዎቹን ይዞ ይመጣል። «ሁለተኛው ደግሞ አንድ ታፔላ ጸሐፊ ነው። ፊት መስመር ነበርኩ ይላል። ስለ ርግቧ፣ ስለ ነጩ ኮት፣ ስለ ማልቀሱ ሲያወራ ብትሰማው ፊልም ነው የሚመስልህ!»

ታፔላ ጸሐፊው ወንድሟ ነው። ጠዋት ከቤት ስትወጣ ነጭ ሸሚዙን ሲተኩስ አይታው፣ የሞተ ሰው አለ እንዴ ብላ ልትጠይቀው አስባ፣ እየዘመረ ስለነበር ተወችው። መውረጃዋን አልፋ ሄደች።

ነገሩ እንዲህ ነው። ወንድሟ በጉብዝናው ዘመን የጥርስ ሐኪም ቤት ታፔላ ሲጽፍ፣ «ያለ ሕመም እንነቅላለን» ከሚለው ላይ «ያለ ሕመም» ብሎ ሳይጨርስ ከመሰላል ወደቀና እግሩ ሁለት ቦታ ተሰበረ። የተኛበት የስብራት ክፍል አልጋውም መሣሪያውም ያረጀ ስለነበር፣ ጎርናናው ለዚያ ክፍል መርጃ ኳስ ሜዳ ላይ ሊዘፍን ተነሣ። ወንድሟ የጎርናናውን ዘፈን ከአባታችን ሆይ ቀጥሎ የሚያውቅ ሰው ነው። ለእሱ እግር ሊዘፈን፣ እሱ በዚያው እግር የተነሣ ሊቀር ሆነ። እንባው መጣ። ስለዚህ እህቱ ቴፕ ተውሳ፣ ሻርፕ ሥር ደብቃ ብቻዋን ሄደች። እሱም «ዘፈኑን ብቻ አይደለም፣ የምታይውን ሁሉ ንገሪኝ» ብሎ አደራ አላት። አደራው ጥሩ ነበር፤ የጎደለው ቁመት ነው። ቤተሰቡ ጩጬ የሚላት በከንቱ አይደለም። በዚያ ሁሉ ሕዝብ መሀል ቆማ መድረኩን ቀርቶ የመድረኩን ጣሪያ አላየችም። ምን ታድርግ? ባዶ እጇን እንዳትመለስ ያላየችውን አየች። ነጭ ኮት አለበሰችው፣ አስለቀሰችው፣ ዘፈኑ ሲቀዘቅዝባት ደግሞ ርግብ ላከችለት።

ወንድሟ አልጋው ላይ ሆኖ ካሴቱን እስኪሳሳ ሰማው። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ወሬውን ሲያወራ «እህቴ እንደ ነገረችኝ» ይል ነበር። ኋላ «እህቴ እንዳየችው» ሆነ። ቀጥሎ «እኔና እህቴ ያየነው» አለ። ፀጉሩ መሸበት ሲጀምር ደግሞ እህቲቱ ከዐረፍተ ነገሩ መሀል ወረደችና እሱ ብቻውን ፊት መስመር ቆሞ ቀረ። ካሴቱንም ለፀጉር አስተካካዩ አዋሰ፣ ፀጉር አስተካካዩ ለወዳጁ፣ ወዳጁ ለከተማው። እሷ አንድ ቀን አልተቃወመችም። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም እያለች በሆዷ ትስቅ ነበር እንጂ። ደግሞ ይህ ሰው ሌላ ምን ቀረው? ታፔላ በማሽን መታተም ከጀመረ ወዲህ ብሩሹ ደርቋል፤ ሰው ደጁን የሚያንኳኳው «እስቲ ጋሼ፣ ያንን ኮንሰርት ያውሩልን» ለማለት ብቻ ነው።

የምትሠራበት መጋረጃ ቤት ስትደርስ የስፌት መኪናዋን ከፍታ ተቀመጠች፤ እጇ ይሠራል፣ ልቧ ሬዲዮ ጣቢያው ደጃፍ ላይ ቆሟል። ፎቶ አይዋሽም። ሽማግሌው ፎቶውን ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ «የቱ ኮት? የቱ ርግብ?» ሲል፣ ወንድሟ በዚያ በተተኮሰ ሸሚዝ ሆኖ የሚያሳየውን ፊት አስቀድማ አየችው። ሰፈሩም ሬዲዮ ከፍቶ ይሰማል። ጨርቁ በመኪናዋ ጥርስ ሥር እንደ ወንዝ ይፈሳል፤ ጽጌረዳ፣ ቅጠል፣ ጽጌረዳ፣ ቅጠል፤ ከፊቷ ያለው መስኮት ብርሃን ያፈስበታል፤ እሷም ከውስጡ ገብታ የምትሰምጥ መሰላት። በዕድሜ በብዙ የምታንሳት ባለሱቋ መጥታ ትከሻዋን ስትነካት ነው የባነነችው።

«እትዬ፣ አበቦቹ ተዘቅዝቀዋል እኮ!»

አየችው። እውነትም ጽጌረዳው ሁሉ ራሱን ወደ መሬት ደፍቷል።

«የማን ነው ይሄ?»

«የሙሽሮቹ ነዋ! በሜትር ስንት የሚሸጥ ጨርቅ መሰለሽ!»

«እንግዲህ ጋደም ብለው ሲያዩት ይቃናላቸዋል» አለች መጋረጃ ሰፊዋ፣ ሳታስበው። ባለሱቋ ሳቋን መያዝ አቅቷት የሠራተኛዋን ግንባር በእጇ ነካችና «አንቺስ ዛሬ አሞሻል፤ ሂጂ ቤትሽ ተኚ፤ ነገ ፈትተሽ ትሰፊዋለሽ» ብላ አሰናበተቻት።

የሚኖሩት ከወላጆቻቸው በቀረች ቤት ነው። ሰፊውን ክፍል እሷ በሰፋችው መጋረጃ ለሁለት ከፍለውታል፤ በእሱ በኩል ያለው ግድግዳ በልምምድ ፊደላት ተሞልቷል፤ ቀለም ማቅጠኛው ዛሬም አልፎ አልፎ ይሸታል። ወንድሟ መስታወት ፊት ቆሞ ጢሙን ይላጫል። ከስብራቱ ወዲህ አልታጠፍ ብሎ ቀጥ ያለው እግሩ እንደ ሌላ ሰው እግር ከጎኑ ተገትሯል።

«ጩጬ! በደኅና ነው በእኩለ ቀን?»

«አሞኝ ነው።»

«ምንሽን?»

«እንጃ... አፌን።»

«ጥርስ እንዳይሆን! የጥርስ ነገር ለዚህ ቤት አይሆንም» አለና እግሩን መታ መታ አደረገ።

ሾርባ አሞቀች፤ ዳቦ ቆረሰች። ፊት ለፊት ተቀምጠው በሉ። እነዚህ ወንድምና እህት ሲበሉ የማያወሩ ናቸው፤ አባታቸው ያወረሷቸው አንዱ ንብረት ይኸው ነው። የማንኪያው ድምፅ ብቻ ይሰማል። ከውጭ የቆርቆሮ ሠሪው መዶሻ አንድ ጊዜ ጮኾ ዝም ይላል፣ አንድ ጊዜ ጮኾ ዝም ይላል። በዝምታው መሀል ደጋግማ አፏን ከፈተች፤ ደጋግማም ሾርባ ጨመረችበት። በመጨረሻ «ጋሼ፣ ስለዚያች ርግብ...» አለች። ወንድሟ ማንኪያውን አስቀመጠ። ዓይኑ በራ።

«ነገሩሽ እንዴ? እኔ እኮ ሬዲዮ ከፍተሽ ድንገት ስትሰሚኝ ብዬ ነው የደበቅሁሽ! በይ ምከሪኝ፤ ከየት ልጀምር? ስትመጣ ነው ወይስ ካረፈች በኋላ?»

«ከመጀመሪያው» አለች።

«አብረን እንሄዳለን። ይቺን ሻርፕ ቀይሪያት፤ ሬዲዮ ቢሆንም ሰው ነን።»

ሬዲዮ ጣቢያው የውስጥ ግድግዳው ሁሉ ስፖንጅ የለበሰ ነው። ከውጭው ጫጫታ ገብተው በሩ ሲዘጋ ዓለም ድምፅዋን ዋጠች፤ መጋረጃ ሰፊዋ ውኃ ውስጥ የገባች ያህል የራሷን ደም ጆሮዋ ውስጥ ሰማችው። ድምፅ ባለሙያው ሊቀበላቸው ሲወጣ እህቱ መሆኗን ሰምቶ እጁን ዘረጋላት።

«እርስዎም ነበሩ? ታዲያ ያችን ሹክሹኳን አላዩዋትም? ድምፅዋን ከዘፈኑ ነጥዬ ላወጣ ሳምንት ለፋሁ፤ እሷን ስስብ እሱም አብሮ ይመጣብኛል። ተጣብቀዋል።»

«አፏን ልትሰፋላት ነበር አይደል?» አለችው ዝግ ብላ። ከቦርሳዋ ትልቁን መርፌ አውጥታ መዳፉ ላይ አስቀመጠችለት። «በዚህኛው ይሻልሃል።»

ልጁ መርፌውን አየ፤ እሷን አየ፤ ድምፁን ያወቀው ያን ጊዜ ነው። ጆሮው እስኪቀላ ድረስ አፍሮ፣ ወንበር ፍለጋ ሮጠ።

ፎቶ አንሺው ቀድሞ ገብቶ ተቀምጧል፤ መነጽሩ የጠርሙስ ቂጥ የሚያህል፣ ኮቱ ትከሻው ላይ የሰፋበት ሽማግሌ። ፎቶዎቹን ጠረጴዛው ላይ ደረደራቸው። መጋረጃ ሰፊዋ ካለችበት ሆና አየቻቸው። ጎርናናው በጥቁር ሹራብ፣ ተራ የእንጨት ወንበር ላይ ተቀምጦ ጊታሩን አቅፏል። ፊቱ ደረቅ ነው። ሰማዩም ባዶ ነው። ወንድሟ ጎንበስ ብሎ ፎቶዎቹን አንድ በአንድ አገላበጠ።

«ሹራብ ነው» አለ በመጨረሻ።

«ሹራብ ነው» አለ ፎቶ አንሺው።

«ነጩ ኮትስ?»

ሽማግሌው መነጽሩን ከፍ አድርጎ ጣሪያውን አየ። ጣሪያው ላይ አንዳች ነገር ፈለገ፤ ያገኘውም መሰለ። «ውይ፣ ነጩ ኮት! ኋላ አይደል እንዴ የለበሰው? ይሄ እኮ የመጀመሪያው ላይ ነው።»

«ርግቧስ?»

«የርግቧን ነገር አታንሣብኝ!» ሽማግሌው ጭኑን መታ። «ፊልም ስቀይር አልነበር? ቀና ስል ድምፅ ማጉያው ላይ ቁጭ ብላለች። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።»

መጋረጃ ሰፊዋ በቆመችበት ግድግዳውን ደገፍ አለች። ሽማግሌው አልዋሸም፤ ዓይኑ እርጥብ ነው። ካሴቱን እንደ ሌላው ሰው ሁሉ ሲሰማ ኖሮ፣ ሰምቶ ሰምቶ አይቷታል። እንግዲህ በከተማው ውስጥ ርግብ እንዳልነበረች የምታውቅ አንዲት ሴት ብቻ ናት ማለት ነው፤ እሷም የዚያን ጊዜ ያየችው ሰማይ እውነት ባዶ እንደ ነበር መጠራጠር ጀመረች። ለቅጽበት ክንፍ የሰማች መሰላት። ወንድሟ ተርፏል። ዝም ብትል ሁሉም በሰላም ሊያልፍ ነው። ወንበሯን ይዛ ጥግ ተቀመጠች፤ ዝም ልትልም ቆርጣ ነበር።

ቀይዋ መብራት በራች። አቅራቢዋ በጣፋጭ ድምፅ አስተዋወቀቻቸው። ወንድሟ ከመጀመሪያው ጀመረ፤ ድምፁ ያምራል፤ ወሬውን እንደ ታፔላ ፊደል አንድ በአንድ እያስጌጠ ሄደ። ሜዳው፣ ሕዝቡ፣ አቧራው። «ፊት መስመር ነበርኩ። እህቴ ሕፃን ነገር ስለነበረች በትከሻዬ ተሸክሜ ነው ያሳየኋት። ይኸው አጠገቤ ናት፤ ምስክሬ ናት።» አቅራቢዋ ፈገግ ብላ ማይክራፎኑን ወደ ጥጉ አዞረችው። መጋረጃ ሰፊዋ ርግቧን ልትሰጠው፣ ኮቱንም እንባውንም ልትመርቅለት ተዘጋጅታ ነበር። ይሄ ግን ሌላ ነገር ሆነባት። ያን ቀን በግርግሩ ውስጥ ቴፑን ደረቷ ላይ አጥብቃ፣ በማታውቀው ሰው መሀል ስትገፋና ስትገፈተር የዋለችው ልጅ ፊቷ ቆማ «አንቺም ልትክጂኝ ነው?» ያለቻት መሰላት።

«ብቻዬን ነበርኩ» አለች።

አቅራቢዋ ጠበቀች።

«ጋሼ ሆስፒታል ተኝቶ ነበር። የቀዳሁት እኔ ነኝ። የማንሾካሹከውም እኔ ነኝ። ግን ርግብ አልነበረችም። ኮትም አላየሁም። ምንም አላየሁም፤ ለእሱ ብዬ ነው የፈጠርኩት።»

ፎቶ አንሺው ከት ብሎ ሳቀ። «ኧረ እህቴ! በዚህ ቁመትሽ አንቺማ የት አይተሽ! እኛ ነን እንጂ ያየነው!»

«እሱን እኮ ነው የምለው!»

«እናስ? አንቺ ካላየሽ ርግቧ አልመጣችም ማለት ነው?»

መስታወቱ ማዶ ድምፅ ባለሙያው አፉን በእጁ ይዞ በሳቅ ይንፈራፈራል። አቅራቢዋም ሌላ መላ አጥታ «ወደ ሙዚቃው እንመለስ» አለች፤ ካሴቱም ተጀመረ። ጎርናናው ዘፈነ፤ ልጅቷም አብራ አንሾካሾከች። ወንድሟ ብቻ አልሳቀም። የሸሚዙን እጅጌ ሲቆልፍና ሲፈታ ቆየ።

ሲወጡ ከፊቷ ሄደ። ምርኩዙ አስፋልቱን ኮርኮር ያደርጋል፤ ቀጥ ያለው እግሩ ይከተለዋል። የከሰዓቱ ፀሐይ የሱቆቹን መስታወት ሁሉ አንድ ዓይነት ወርቅ ቀብታቸዋለች። አንዱ ሱቅ ውስጥ ሬዲዮ ተከፍቶ የራሷን ድምፅ ሰማች፤ አለፈችው፤ ከሚቀጥለው ሱቅ ደግሞ ተቀበላት። ሰው ሁሉ የእሷን ሹክሹክታ እየሰማ ዳቦ ይገዛል፣ ጫማ ያስጠርጋል። ወንድሟ ከወሬው ዕቃ አንድም ሳይቀረው ራቁቱን የወጣ መሰላት፤ ያስወጣችውም እሷ ናት። አውቶቡስ መጠበቂያው ጋ ሲደርስ ቆመ፤ አልዞረም።

«አዋረድሽኝ» አለ።

«አዎ።»

አውቶቡሱ መጣ። ከኋላ ጎን ለጎን ተቀመጡ። መስኮቱ ላይ ከተማው እንደ ሕልም ይንሸራተታል፤ እሱም ወደዚያው አፍጥጧል። ሁለት ፌርማታ ያህል እንዲሁ ሄዱ። ምሳ ላይ ያለው ዝምታ አይደለም ይኼኛው፤ ያኛው የአባታቸው ነው፣ ይሄ የራሳቸው ነው።

«ማልቀሱንስ?» አለ ፊቱን ሳይመልስ።

«አላየሁም ጋሼ።»

«እሺ... ምንም ምንም አላየሽም? ዓይንሽን ጨፍነሽ ነበር የቆምሽው?»

«ጀርባ ነበር ያየሁት።»

«የማን ጀርባ?»

«ከፊቴ የቆመ ሰውዬ። ግንብ የሚያህል ሰው። ቀኑን ሙሉ ከእሱ ጀርባ ሌላ አላየሁም።»

ወንድሟ ራሱን ወንበሩ ላይ አሳርፎ ዓይኑን ጨፈነ፤ ያን ጊዜ አልጋው ላይ ካሴቱን ሊሰማ ሲዘጋጅ እንደሚያደርገው ሳይሆን፣ የደከመው ሰው እንደሚያደርገው።

«እስቲ እሱን ንገሪኝ» አለ።

ተሳፋሪ እንዳይሰማ ጠጋ አለችው። «ግራጫ የሥራ ካፖርት ነው የለበሰው። ግራ ትከሻው ተተርትሮ በጥቁር ክር ተሰፍቷል። ስፌቱ የወንድ እጅ ነው፤ ረጃጅም፣ ሄድ መለስ ያላለ፤ ሰው የሌለው ሰው ነው መሰለኝ። ዘፈኑ ዝግ ያለ ጊዜ ስፌቱ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ሳቀ ብዬ ነበር። እያለቀሰ ነው ለካ። ያለቀሰው እሱ ነው ጋሼ፤ እኔ ነኝ ወደ መድረኩ የወሰድኩት።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ ካሴቱ አለቀና ገልብጬ ላስገባ ጎንበስ አልኩ። ቴፑ ላይ የለም ይሄ። ሰውዬው ዞር አለና አየኝ። ዓይኑ ቀልቷል። «ልጄ፣ ይታይሻል?» አለኝ።»

«ምን አልሽው?»

«ይታየኛል አልኩት።»